ፊደሉ ወደ ውስጥ የዞረ ጎማ

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ተራራው አናት ላይ ነጭ ነገር ታየ። ግዢ ኃላፊው በመስኮት አሻግሮ አየና «ደመና ነው» አለ። ደመና አይደለም። ደመና ይሄዳል። ይህን ከጠዋት እስከ ምሳ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ በረዶ ነው።

ለሁለቱ ፒክአፖች የበረዶ ጎማ ይገዛ ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ እጁ ከገባ አሥራ ስምንት ቀኑ። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት፤ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል። ብርጭቆውን አነሳሁና ወረቀቱ ላይ የቀረውን ክብ አሳየሁት።

«ይኸው፣ አንዱ ጎማ መጣልህ» ብሎ ሳቀ። ጸሐፊዋም ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ሁለት መኪና፣ አንድ ተራራ፣ ከተራራው ማዶ አንድ ክሊኒክ። የመድኃኒት መጋዘኑ የተሽከርካሪ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሥራዬ መድኃኒቱ ሳይበላሽ፣ ሰው ሳይሰበር ማሻገር ነው። ይህ የሚያስቅ ከሆነ ይሳቁ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ልጄ እራት ላይ ወረቀት ይዛ መጣች። አዋላጅ ነርስ ሆና ከተመረቀች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። አሁን ከተራራው ማዶ ተመደበች። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ሰኞ ትሄዳለች፣ ሐሙስ ትመለሳለች።

«በእናንተ መኪና እኮ ነው የምሄደው አባዬ። ደስ አይልህም?»

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «በየትኛዋ?»

«በሁለተኛዋ።»

ከዚያ በኋላ የተወራው ስለ ጨው ብቻ ነው። በዛ፣ አነሰ።

ሁለተኛዋ ማለት ባለፈው ታኅሣሥ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ተንሸራታ ገደሉ አፍ ላይ የተጋደመችው ናት። ሾፌሯ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነበር። ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የምርመራ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አማቼ ነው ብዬ አላዳላሁም። ፍሬኑን ፈተሽኩ፤ ይሠራል። የጎማውን ጥርስ ለካሁ፤ ሙሉ ነው። መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች የቀረው ሰው ነው። «ከመጠን ያለፈ ፍጥነት» ብዬ ፈረምኩ። እሱም ከመሪ ተነስቶ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ተቀመጠ።

ያኔ በትክክል ሠርቻለሁ። ዛሬም የምለው ይህንኑ ነው። ለምን እንደገና እንደምጽፈው ግን አላውቅም።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ። ለጎማው የሚያስፈልገው፦ አራቱም አንድ ዓይነት። ጭነት የሚችል፣ የቤት መኪና ጎማ አይደለም። ለድንጋይም ለጭቃም የሚሆን ወፍራም ጥርስ፤ ግን ጥርሱ ላይ በረዶ የሚይዝ ስስ ስንጥቅ ያለው። «ለጭቃና ለበረዶ» የሚል ፊደል ብቻ የታተመበት አይበቃኝም፤ እሱን ማንም ያትማል። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመሃሉ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት እፈልጋለሁ፤ እሱ በረዶ ላይ ተፈትኖ ነው የሚሰጠው።

ሲገጠም ጎኑ ላይ ያለው ነጩ ጽሑፍ ወደ ውስጥ ይዞራል። በእኔ ግቢ ጎማ ጎማ ነው፣ ማስታወቂያ አይደለም። ደንቡን ካወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ማንም ጥሶት አያውቅም።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

የመኪኖቻችንን ጎማ የሚሠሩልን ሽማግሌ ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ አሁንም ጎማ ከቸርኬ ሲያላቅቁ የሚያግዛቸው አይፈልጉም። ዝርዝሬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው፣ አጥተው፣ ግንባራቸው ላይ አገኙት።

«ኢንጅነር፣ ይሄ ጎማ ነው ወይስ ለልጅህ ባል ነው የምትፈልገው?»

«ለልጄ ነው አባባ። ጎማውን።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «እሷ ናት እንዴ የምትሻገረው?» ሦስት ዓይነት ጎማ ከመደርደሪያ አወረዱ። «እንግዲያው ምልክቱንም ፊደሉንም ተወው። ውርጭ የሚጥልበትን ቀን ጠብቅ። ሦስቱንም ውጭ አሳድራቸዋለሁ። ጠዋት መጥተህ በአውራ ጣትህ ጥፍር ትጫናቸዋለህ። የሚገባልህን ትወስዳለህ።»

ይህ ሳይንስ ነው ወይ አልኳቸው። «እኔ ምን አውቄ፣ ሳይንሱ አንተ ነህ» አሉኝ።

የላስቲክ ጥንካሬ መለኪያ ከቀድሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ተዋስኩ። በአውራ ጣት አልሠራም።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ባለቤቴ ኩሽና ሆና ከወንድሟ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። መስማት ፈልጌ አይደለም፤ ውሃ ልጠጣ ነበር።

«ተወው በቃ… እኔ ምን ላድርገው፣ እሱ ወረቀት ካልሆነ አያምን… አይ፣ አልነግረውም። ሆድ ይፍጀው።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ስልኩን ዘጋች። ውሃውን ቀድታ ሰጠችኝና «ለጎማ የምታደርገውን ጥንቃቄ…» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። የተጀመረ ዓረፍተ ነገር ሳይጨረስ ሲቀር ምን ያህል እንደሚያናድደኝ ታውቃለች።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ውርጭ ጣለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጎሚስታው በር ላይ ነበርኩ። ሦስቱ ጎማዎች ግንቡ ሥር ተደግፈው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለዋል።

የመጀመሪያው ጥሩ። ሁለተኛው መካከለኛ። ሦስተኛው ተራራውም የበረዶ ቅንጣቱም ታትሞበታል፣ ጥርሱ ከሁሉም ይበልጣል፣ በእኔ ዝርዝር ቢሄድ አንደኛ የሚሆነው እሱ ነው። ጥፍሬ አልገባ አለ። መለኪያዬን አወጣሁ። መለኪያውም ያንኑ አለ። ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። «የኔው ባትሪ አይፈልግም።»

ከዚያ ጎንበስ አሉና ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች በጨርቅ ጠረጉ። ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመቱ። የተሠራው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። መሬት ነክቶ አያውቅም፣ አርጅቷል።

«ጎማ እንደ ሰው ነው። የሮጠ ብቻ አይደለም፣ የተቀመጠም ያረጃል። ሞቅ ሲል ደህና ነው፤ ሲበርድ ግን ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ደግሞ በረዶ አይዝም። ለመሆኑ ያቺ የወደቀችው መኪናችሁ ጎማ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አዲስ ነበር።»

«አዲስ የተገዛ? ወይስ አዲስ የተሠራ?»

ስብሰባ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ስብሰባ አልነበረኝም።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ዛሬ እውነተኛ ስብሰባ። ግዢ ኃላፊው፦ «ሁሉም ጎማ ክብ ነው፣ ምን ያጨቃጭቀናል?» ጠረጴዛውን መታሁ። ሥራ አስኪያጇ አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ማዘኗ ከሳቁ ባሰብኝ። ግን ፈረመች። እኔ የመረጥኩት ይገዛል። እኔ የመረጥኩት።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

የመለዋወጫ ክፍሉ መብራት ይሠራ እንደሆነ ለማየት ገባሁ። አማቼ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ብሎኖች በቁጥር በቁጥራቸው እየለየ ነበር። ከዘራው ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ደህና አደሩ ኃላፊ።»

ድሮ ጋሼ ነበር የሚለኝ። እህቱን ሳገባ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ብስክሌት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ካለፈው ታኅሣሥ ወዲህ «ኃላፊ» እና «እርስዎ» ሆኛለሁ። የሥራ ቦታ ነው፤ ትክክል ነው።

ጥግ ላይ፣ ሸራ ሥር፣ ከሁለተኛዋ መኪና የወጡት አራት አሮጌ ጎማዎች ተደራርበዋል። አሮጌ ያልኩት ከመኪናዋ ስለወጡ ነው። ሸራውን አልነካሁም።

«ምን ልስጥዎ?»

«ምንም። መብራቱን ላይ ነው።»

መብራቱ ይሠራል።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ከልጄ ጋር ተጣላን። እኔ ጮህኩ ማለት ነው፤ እሷ አትጮህም።

አዲሱ ሾፌር እየነዳ በስልክ እንደሚያወራ ሰምታለች። አጎቴ ይውሰደኝ አለች። ሐኪሙ መንዳት ትችላለህ ካለው ሁለት ወር ሆኖታል አለች። እኔ አልሰማሁም ነበር። ማን ይነግረኛል።

«ጎማውንም እሱ ይይልህ አባዬ። ያንን መንገድ አሥራ አንድ ዓመት በበረዶ የነዳው እሱ እንጂ አንተ አይደለህም።»

«ሪፖርት አለ።»

«ሪፖርቱን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ማን ይሰርዘው? ጎረቤት?»

ብዪ አልኳት። በልታ ጨርሳ ነበር።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

በብርድ ጊዜ የጎማ ነፋስ ምን ያህል እንደሚቀንስ ለማየት የሁለተኛዋን መኪና ያለፈውን ዓመት የጉዞ መዝገብ አወጣሁ። የነፋሱን ብቻ ልመለከት ነበር። ሾፌር ጠዋት ጠዋት መኪናውን አይቶ አንድ መስመር ይጽፋል፤ እኔ ማታ አይቼ ከጎኑ በቀይ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 4። አማቼ፦ «ጎማው ጠዋት ድንጋይ ነው። በረዶ ላይ አይይዝም።» እኔ፣ በቀይ፦ «ጥርሱ ሙሉ ነው።»

ታኅሣሥ 11። እሱ፦ «ጎማው አሁንም። ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት።» እኔ፣ በቀይ፦ «ተለክቷል። ስሜት አይጻፍ።»

ታኅሣሥ 13 ነው የወደቀው።

ነፋሱን ማየት ረሳሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

መለዋወጫ ክፍሉ ሌላ ሰው የማይኖርበትን ሰዓት ጠብቄ ገባሁ። ሸራውን ገፈፍኩ። ጎማዎቹ ተደራርበው ነጩ ጽሑፍ ወደ መሬት ነው። የላይኛውን ልገለብጥ ሞከርኩና ወገቤ ቀጥ አለ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ይህንንም ማንም እንዲያይብኝ አልፈልግም ነበር።

አማቼ በከዘራው ተደግፎ መጣ። ከዘራውን ጎማው ሥር አስገባና እንደ ክሪክ አነሳልኝ። ገለበጥነው። በመሀረቤ ጠረግሁት። አራቱ ቁጥሮች በዚያ በኩል ብቻ ናቸው፤ ነጩ ጽሑፍ ባለበት በኩል። በሌላው በኩል የሉም።

ጎማዎቹ መኪናዋ ላይ ሲገጠሙ ስምንት ዓመት አልፏቸው ነበር። አንድ መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ተቀምጠው፣ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ። እኔ ነበርኩ ሄጄ የመረጥኳቸው። ጥርሳቸውን ለካሁ። ቁጥሩን አላየሁም። ከዚያም ፊደሉን ወደ ውስጥ አዙሩ አልኩ፤ ማንም እንዳያየው አደረግሁት።

«በየቀኑ ጎንበስ እያልኩ ነበር የማያቸው» አለኝ። «ምኑ እንደሆነ አልገባኝም እንጂ የሆነ ነገር እንዳለ እግሬ ያውቅ ነበር።»

«ከውስጥ በኩል ለምን አላየህም?» አልኩት። አዎ፤ ያን ጊዜም ይህን ነው ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ሰማሁት።

ትንሽ አየኝና ሳቀ። እውነተኛ ሳቅ። «በሆዴ እየተሳብኩ? ደንብ ያወጣው ሰው ይሳብ እንጂ።»

እኔም ሳቅኩ መሰለኝ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፤ ጎማው ላይ ተቀምጬ መነጽሬን አወለቅሁ። ዓይኔ አቧራ ገብቶበት ነበር። ክፍሉ ቢጠረግ ምናለ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

እንቅልፍ የለም፤ ስለዚህ ልጻፍ።

ላስቲክ እንደሚያረጅ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ሁለተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በዚሁ ላይ ፈተና ተፈትኜ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቻለሁ። ነገሩ እውቀት አይደለም። አንድ ሰው በየጠዋቱ በብርድ ጎማውን በእጁ ነክቶ «ድንጋይ ነው» ብሎ ጻፈልኝ፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ በቀይ «ስሜት አይጻፍ» አልኩት። እሱ የጻፈው ስሜት አልነበረም። በዚያ ግቢ ውስጥ ከተለካው ነገር ሁሉ ትክክለኛው ልክ እሱ ነበር።

ሲወድቅ ደግሞ ጥፋቱን ሰጠሁት። ሆስፒታል ተኝቶ ሪፖርቱን ሲያነቡለት ምን እንዳለ ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ አሁን፣ ከመኝታዋ ቀስቅሼ። «‹ጋሼ ካለ ይሆናል› አለ» አለችኝ። «አንድ ሳምንት ሙሉ እውነትም በፍጥነት ነድቼ ይሆን እያለ ራሱን ሲጠይቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ በቀይ ታርመኝ ነበር።»

ተመልሳ ተኛች። እኔ አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ። አንድ ገጽ። የአደጋው ምክንያት፦ ያረጀ ጎማ። የመረጠው፦ የተሽከርካሪ ክፍል ኃላፊ። አስቀድሞ ያስጠነቀቀ፦ ሾፌሩ፣ ሁለት ጊዜ፣ በጽሑፍ። የመዝገቡ ሁለት ገጾች ቅጂ ተያይዟል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ፊደል የሚያርመው የለም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሥራ አስኪያጇ አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይህን ባይጽፉት ማንም አያውቅም ነበር።»

«እሱ ያውቅ ነበር» አልኳት።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰኛል። ይገባኛል። አማቼ ወደ መሪው ይመለሳል፤ እሱ ከፈለገ ብቻ። ይፈልግ እንደሆን የምጠይቀው እኔ እንድሆን ለመንኳት።

ጠየቅሁት። «ጎማውን ማን ነው የሚመርጠው?»

«አንተ።»

«ዝርዝርስ?»

«ዝርዝሬን ቀደድኩት።» አልቀደድኩትም፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። እዚያው ቀደድኩት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ሌላ ውርጭ። ሽማግሌው አምስት ጎማ ውጭ አሳድረው ነበር። አማቼ ከዘራውን ግንቡ ላይ አስደግፎ ተራ በተራ በአውራ ጣቱ ተጫናቸው፣ በመዳፉ ዳበሳቸው፣ አንዱን አሸተተው። ለምን ታሸታለህ ልል ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

«ይህ» አለ። ተራራውም ቅንጣቱም አለበት፤ የተሠራው ከአራት ወር በፊት። መለኪያዬን አላወጣሁም። እሺ፣ አወጣሁ። ግን እነሱ ሻይ ሊጠጡ ከገቡ በኋላ ነው። እሱ ያለው ልክ ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ተገጠመ። ጎሚስታው የመጀመሪያውን ጎማ አንስተው ቆሙና በአንድ ዓይናቸው አዩኝ። «መቼስ ፊደሉ ወደ ውስጥ ነው አይደል ኢንጅነር?»

«ወደ ውጭ።»

«አልሰማሁም?»

«ወደ ውጭ አልኩ አባባ! አራቱም!»

ሰፈሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም። መኪናዋ ነጭ ጽሑፏን አንጠልጥላ ስትታይ የሰርግ መኪና መስላለች። አስቀያሚ ናት። ቁጥሩ ግን ከሩቅ ይነበባል።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሮ ግቢው ነጭ ሆኗል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ። ሰንሰለቱ፣ አካፋው፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም ጭነቱ ላይ። ልጄ ጋቢና ገብታ መስታወቱን ዝቅ አደረገችና «አባዬ፣ ግባ፣ ብርዱ ይገልሃል» አለችኝ። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ያዘና ከበሩ ሳይወጣ አንድ ጊዜ ፍሬን ረገጠ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደኔ አልዞረም። ያን ያደረገው ግን ለእኔ ነው።

ዱካው ላይ ቆሜ አየሁት። እያንዳንዱ ጥርስ ጥርት ብሎ ታትሟል።

ሦስት ሰዓት ከሩብ። ባለቤቴ ቢሮ ደወለች። «ደርሰዋል። ቁርስህን ብላ።»

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ተመለሱ። ልጄ ጋቢናው ውስጥ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ ትናንት ሌሊት መንታ አዋልዳለች አሉ። ቀስቅሼ ወደ ቤት ላክኋት።

አማቼ የጉዞ መዝገቡን እንደ ልማዱ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። በራሱ እጅ፦ «ጎማ፦ ለስላሳ። ይነክሳል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ አቁሜ ወርጄ አየሁት፤ ደህና ነው።»

ወርዶ ያየው ጎማውን ይሁን ኩርባውን አልጠየቅሁም። ቀይ እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር። ከጎኑ የምጽፈው ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ምንም አትጽፍበትም ጋሼ?»

«ምን ልጻፍ?»

«ፊርማ ነዋ።»

ልፈርም ስል ከደረት ኪሱ የራሱን እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝ። ሰማያዊ ነው። በእሱ ፈረምኩ፤ ረስቼ ይዤው ሳልመጣ አልቀረሁም፣ ይህንንም የምጽፈው በእሱ ነው።